ኸርሊ በርሊ፦ ግርግር ስሙን ከማን ያገኛል?

(ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ መምህራንና ተርጓሚዎች በተሰበሰቡበት የቅዳሜ ከሰዓት ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርሁት አቅርቤዋለሁ፤ ያወጣሁት ማይክሮፎኑ ሲጮህ ያልሁትን ብቻ ነው።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ተርጓሚዎች፣ መቀመጫ አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር ባዶ ይታየኛል፤ እባካችሁ አትፈሩ፣ ኑና ተቀመጡ። በእኛ አገር የፊት ወንበር ሁልጊዜ ለማይመጣ እንግዳ ይቀመጣል።

አዘጋጆቹ «የፈለግኸውን ተናገር» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያም ጨነቀኝ። በመጨረሻ ስለ አንዲት ቃል ብቻ ልናገር ወሰንሁ። ቃሏ እንግሊዝኛ ናት፤ «ኸርሊ በርሊ» ትባላለች። ሁከት፣ ትርምስ፣ ግርግር ማለት ናት። በአንዲት ቃል ላይ ይህን ያህል ሰው አስቀምጦ ማውራት ይገባል ወይ? እኔ ይገባል እላለሁ፤ ለምን እንደሆነም አሳያችኋለሁ። በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ ይህች ቃል እንዴት ተወለደች? ሁለተኛ፣ ማን በማን ላይ ተናገራት? ሦስተኛ፣ እኛ በአማርኛ ምን እንበላት? ሦስተኛው አጭር ነው፤ ሁለተኛው ግን ሊረዝም ስለሚችል ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ የእንግሊዙን ታሪክ በእነርሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እንደምቆጥርም ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከራሴ ውርደት ልጀምር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሼክስፒር «ማክቤዝ» የመጀመሪያውን ትዕይንት ሰሌዳ ላይ ጻፉልንና ወደ አማርኛ መልሳችሁ አምጡ አሉን። መብረቅና ነጐድጓድ አለ፣ ሦስት ጠንቋዮች አሉ። አንደኛዋ «መቼ እንገናኝ?» ስትል፣ ሁለተኛዋ «ኸርሊ በርሊው ሲያበቃ» ትላለች። እኔ በዚያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ መዝገበ ቃላት ካላቸው አራት ልጆች አንዱ ነበርሁ፤ በዚያም እኮራ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቃሏን ከሁለት ቆረጥኋት። «ኸርል» የሚለውን ፈልጌ መወርወር የሚል አገኘሁ። «በርሊ» የሚለውን ፈልጌ ደንዳና፣ ግዙፍ ሰው የሚል አገኘሁ። ከዚያ በኋላ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «የደንዳኖቹ ውርወራ ሲያበቃ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ ደብተሬን አንሥተው ለክፍሉ ሁሉ አነበቡት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ስሜ «ደንዳናው» ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንኳን ልደነድን፣ ነፋስ ሲነፍስ ግድግዳ ይዤ የምሄድ ልጅ ነበርሁ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ እንግባ። የእኔ ስሕተት ምን ነበር? ግማሹ ስሕተት አልነበረም። «ኸርል» በእርግጥ መወርወር፣ በኃይል መጣል ነው። ከዚያ ግስ «ኸርሊንግ» የሚል ስም ወጣ፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ይህ ስም ሁከት፣ ረብሻ ማለትም ነበር። ስሕተቴ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ሰዎች «ኸርሊንግ» ብለው ብቻ ማቆም አላረካቸውም፤ «ኸርሊንግ ኤንድ በርሊንግ» ማለት ጀመሩ፤ ሁከትና በርሊንግ እንደ ማለት ነው። ይህ «በርሊንግ» ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። ደንዳና ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ ቤት እንዲመታ ብቻ የመጣ የድምፅ ጥላ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ሐረጉ አጠረና «ኸርሊ በርሊ» ሆነ። ቃሉ እናት አለው፣ አባት የለውም፤ ወይም ከፈለጋችሁ በሌላ በኩል በሉት።

ይህን የድምፅ ጨዋታ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ያውቁት ነበር። ሄንሪ ፒቻም የሚባል ሰው በ1577 ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሚገልጹትን ነገር በድምፃቸው ስለሚመስሉ ቃላት ሲያስረዳ፣ ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ይህችኑ «ኸርሊ በርሊ» ነው፤ ረብሻንና ሁከት የበዛበትን እንቅስቃሴ የምታመለክት ነች ብሎ። ልብ በሉ፤ ሼክስፒር ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ቃሏን ሼክስፒር ፈጠራት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትሕትና አርሙት።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። ምንም ትርጉም የሌለው ግማሽ ለምን አስፈለገ? ሁከት የሚል ቃል እያለ ሌላ ባዶ ቃል ለምን ይጎተታል?

ወደ አማርኛችን እንመለስና እንየው። እኛም ቤት የሚመታ ጥንድ አለን። «ጨርቄን ማቄን ሳይል ሄደ» እንላለን። «ጓዙን ጉዝጓዙን ጠቅልሎ ገባ» እንላለን። «ያለ ዋዛ ፈዛዛ» እንላለን። ነገር ግን እነዚህን ብትመረምሯቸው ሁለቱም ግማሾች ሥጋ አላቸው፤ ማቅ ራሱን የቻለ ልብስ ነው፣ ጉዝጓዝ የሚጎዘጎዝ ነገር ነው፣ ፈዛዛም ፈዛዛ ነው። ባዶው ጥላ ታዲያ በአማርኛ የት አለ? እኔ ለብዙ ዓመት ከቃላት መካከል ስፈልገው ኖሬ በመጨረሻ በቃሉ ሆድ ውስጥ አገኘሁት። ድብልቅ በሉ። ድብልቅ ማለት ምን ክፋት አለው? ጤፍና ገብስ ድብልቅ ይሆናል፤ እንጀራ ይጋገርበታል። አሁን ድብልቅልቅ በሉ። እንጀራው ቀረ! ሰፈር ተደበላለቀ፣ ሰው ጮኸ፣ ድንጋይ ተወረወረ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት «ልቅ» የምትለው ጭራ ብቻ ናት፤ ያቺ ጭራ ቀደም ሲል የተሰማውን መልሳ ከማሰማት በቀር ሌላ ሥራ የላትም። የእንግሊዙ «በርሊ» ማለት ይህች ናት። ዝብርቅርቅ፣ ምስቅልቅል፣ ትርክምክም፣ ድፍርስርስ፤ ሁሉም በአንድ መንገድ የተሠሩ ናቸው። አንድ ነገር ከሥርዓቱ ሲወጣ አማርኛ የቃሉን መጨረሻ ይዞ ይደግመዋል፤ ምላስም ትንሽ ትደናቀፋለች። እንግሊዝኛ ደግሞ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ይደግምና የመጀመሪያዋን ፊደል ይለውጣል። ምላስ የምትደናቀፍበት ቦታ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠኝ ምሳሌ ዕብራይስጥ ነው፤ ካህናት ካላችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ ልጥቀሰው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 ላይ ምድር ከመስተካከሏ በፊት የነበረችበትን ሁኔታ ዕብራይስጡ «ቶሁ ዋቦሁ» ይለዋል። ሰማችሁ? ቶሁ፣ ቦሁ። ቤት ይመታል። «ቶሁ» በብሉይ ኪዳን ውስጥ ለብቻው ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ባዶነት፣ ምድረ በዳ፣ ከንቱ ነገር ማለት ነው። «ቦሁ» ግን በመላው ብሉይ ኪዳን ሦስት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ በዘፍጥረት፣ በኢሳይያስና በኤርምያስ። በሦስቱም ቦታ አጠገቡ «ቶሁ» አለ። ለብቻው ከቤት ወጥቶ አያውቅም! ፈረንሳዮች ይህንኑ ወስደው እስከ ዛሬ ትርምስን «ቶሁ ቦሁ» ይላሉ። በግሪክኛው ትርጉም ግን የማትታይና ያልተሰናዳች ተባለና የቤት መምታቱ ነገር እዚያው ቀረ፤ የግእዙ ኦሪትም ከግሪክኛው ስለተመለሰ ድምፁ ወደ እኛ አልደረሰም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምድርም ባዶ ነበረች፥ አንዳችም አልነበረባትም» ይላል። ጥሩ አማርኛ ነው፣ ትርጉሙም አልጎደለም። ድምፁ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ከዕብራይስጡ የሚሰማው መንገዳገድ እዚህ አይሰማም። ተርጓሚ ሆኜ ስናገር ይህ ያስቀናኛል፤ ያናድደኛልም።

ሌሎቹን የኸርሊ በርሊ ዘመዶች በፍጥነት ልለፋቸው። «ሄልተር ስኬልተር» አለ፤ በሩጫ የተዘበራረቀ ማለት ነው፤ እርሱ ደግሞ ሁለቱም ግማሾቹ ባዶ ይመስላሉ። በእንግሊዝ ባዛሮች ላይ ልጆች ከላይ እየተጠማዘዙ የሚንሸራተቱበት ግንብም በዚሁ ስም ይጠራል። «ፔል ሜል» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ መቀላቀል ነው። በፈረንሳይኛም «ኡርሉቤርሉ» የሚል ቃል አለ፤ ሐሳቡ የተበታተነ፣ ነገረ ሥራው ቅጥ ያጣ ሰው ይባልበታል። ይበቃናል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እኔን ወደዚህ ያመጣኝ እርሱ ነውና። ማን በማን ላይ ተናገራት?

በ1381 በእንግሊዝ የገበሬዎች ዐመፅ ተነሣ። ምክንያቱ ጦርነትና ግብር ነበር። ከፈረንሳይ ጋር የተያዘው ጦርነት ካዝናውን ባዶ ስላደረገው መንግሥት በነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ፣ በአማካይ 12 ሳንቲም፣ ማለትም አንድ ሽልንግ እንዲከፍል ተደረገ። የኤሴክስና የኬንት ሰዎች ተነሡ፤ መሪያቸው ዋት ታይለር ነበር። ሰኔ 13 ቀን ለንደን ገቡ፤ የንጉሡን አጎት ቤተ መንግሥት አቃጠሉ፤ በማግሥቱ የካንተርበሪውን ሊቀ ጳጳስ ገደሉ። ንጉሡ ሪቻርድ ሁለተኛ ዕድሜው 14 ነበር። ሰኔ 15 ቀን ስሚዝፊልድ በተባለው ሜዳ ላይ ዋት ታይለር ከንጉሡ ጋር ሊነጋገር ወጥቶ በለንደን ከንቲባ እጅ ቆሰለ፣ እዚያውም ተገደለ። ዐመፁ ተበተነ፤ ንጉሡ የሰጠው የነጻነት ቃልም ተሻረ።

አሁን ስሙን ስሙልኝ። ከዚህ በኋላ ታሪኩን የጻፉ ዜና መዋዕል ጸሓፊዎች ያንን ጊዜ ምን አሉት? «ኸርሊንግ ታይም» አሉት። የኸርሊንግ ዘመን፤ የግርግሩ ጊዜ። የእኛዋ ቃል እናት እዚህ ነው የምትገኘው። እነዚያ ገበሬዎች ጥያቄ ነበራቸው፤ ጭሰኝነት ይቅር ብለው ነበር፣ የመሬት ኪራይ ይወሰን ብለው ነበር። የራሳቸውም ግጥም ነበራቸው። ጆን ቦል የሚባል ቄስ ከለንደን ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ የሰበከው በዚህች ቤት በምትመታ ጥያቄ ነው፦ አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ያኔ ጌታው ማን ነበር? ሁለት ስንኝ ብቻ! በእንግሊዝኛው ግሩም አድርጎ ቤት ይመታል። እኔ ይህን ሳነብ የሚገርመኝ ምንድን ነው? በአንድ ዐመፅ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የዐመፀኞቹ ግጥም ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ትርጉም አለው፤ መልስ ይፈልጋል። የጸሓፊዎቹ ስም ግን ውርወራና ረብሻ ብቻ ይላል። ጆን ቦል በዚያው ዓመት ሐምሌ 15 ቀን ተገደለ፤ ስም የማውጣቱ ሥራ ለተረፉት ቀረ።

ሼክስፒር ይህን የገባው ይመስለኛል። «ሄንሪ አራተኛ» በሚለው ተውኔቱ የመጀመሪያ ክፍል፣ በአምስተኛው ገቢር፣ ንጉሡ ሊወጋው ከተሰለፈው ወገን አንዱን መስፍን ፊት ለፊት ሲገሥጸው ይህችን ቃል ይጠቀምባታል። ዐመፃችሁ የሚያስደስተው የኸርሊ በርሊ ለውጥ ወሬ ሲሰሙ አፋቸውን ከፍተው ክርናቸውን የሚያሹትን ወላዋዮችና ብሶተኞች ነው ይለዋል። «ለውጥ» ብዬ የተረጎምሁት የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ለአዲስ የፈጠራ ሥራ የምንጠቀምበት «ኢኖቬሽን» ነው፤ በዚያን ዘመን ዐመፅ ማለት ነበር። (ስብሰባ ላይ ይህን ቃል በየደቂቃው የምትጠቀሙ ወዳጆቼ ብታውቁት አይጎዳችሁም።) እንግዲህ ቃሏ በማን አፍ ውስጥ እንዳለች አያችሁ? በንጉሥ አፍ ውስጥ ናት። ያ ንጉሥስ ማን ነው? በ1399 ንጉሡን ሪቻርድ ሁለተኛን፣ ያንን በ14 ዓመቱ ከዋት ታይለር ፊት የቆመውን ልጅ፣ ከዙፋን አውርዶ ራሱን ያነገሠ ሰው ነው! የራሱ ዐመፅ ዘውድ ሆነ፣ የሌሎቹ ኸርሊ በርሊ ሆነ።

አሁን ወደ ቤቴ ልውሰዳችሁ። በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሥ 4 ቀን ማታ ጀምሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴየር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። በሬዲዮ ዐዋጅ ተነገረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ የጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጎን ቆሙ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውጊያ ሆነ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት ተገደሉ። በቀናት ውስጥ አለቀ። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በምን ስም ነው የምታውቁት? እስቲ ከፊት ያላችሁ በሉት። «የታኅሣሥ ግርግር»! አመሰግናለሁ። አንድ ላይ አላችሁት፣ ማንም አላሰበበትም።

እኔ የተወለድሁት በዚያ ሰሞን ነው። እናቴ ምጥ የያዛት ተኩስ በተጀመረ ማግሥት ነበር። ልምድ ያላት አዋላጅ ከቤታችን ሁለት መንደር አልፋ ነበር የምትኖረው፤ አባቴ ሊጠራት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ከአጥሩ ሥር ተመለሰ። በመጨረሻ ያዋለደችኝ አያቴ ናት፤ መስኮቱን በፍራሽ ደግፋ፣ መብራት አጥፍታ፣ በኩራዝ። እትብቴን የቆረጠችበት ምላጭ አዲስ እንደነበር፣ ወረቀቱን የፈታችውም እርሷ እንደነበረች እስክትሞት ድረስ ስትምል ኖራለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ስም ይውጣለት ሲባል አያቴ «ሽብሩ ይባል» አለች። አባቴ «እማማ፣ ሰው እየሞተ ሽብሩ እንበለው?» አላት። «ታዲያ ሰላሙ ልትለው ነው? በምን ቀን እንደመጣ ይወቅ እንጂ» አለችው። አባቴ አሸነፈ፤ ሌላ ስም ወጣልኝ። ነገር ግን አያቴ በመንደሩ ሰው ፊት ስታስተዋውቀኝ ሁልጊዜ «የግርግሩ ልጅ» ትለኝ ነበር። የሚገርማችሁ ነገር፣ ልጅ ሳለሁ ግርግር የሚለውን ቃል የማውቀው ልደቴ ነው ብዬ ነበር። ከሌሎች ልጆች ጋር ስንጫወት «ያንተ ግርግር መቼ ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ «ኸርሊንግ ታይም» የሚለውን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ይህ የአያቴ ቃል ነው! የ1381ዱ የገበሬዎች፣ የ1953ቱ የመኮንኖች ነው፤ ዓላማቸው አንድ አይደለም፣ ሰዎቹም አይመሳሰሉም፤ እኔም ማንኛቸውም ልክ ነበሩ ወይም አልነበሩም ልል አልተነሣሁም። የገረመኝ ስሙ ነው። ሕዝቡ በፍርሃት ጊዜ ያያት ትርምስ ናትና ለአያቴ «ግርግር» እውነተኛ ቃል ነበር። በመስኮት በኩል የሚታየው ግርግር ነው። የተሸነፈው ወገን ግን በዚያ ቃል ውስጥ ፊት የለውም፤ አዋጁም፣ ጥያቄውም፣ ጥፋቱም ጭምር በአንድ የድምፅ ድግግም ውስጥ ይሰጥማል። አንድን ነገር «ዐመፅ» ካላችሁት በማን ላይ ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። «መፈንቅለ መንግሥት» ካላችሁት ማን ሊፈነቅል፣ ማንን ይባላል። «ግርግር» ካላችሁት ግን ማን ምን ይጠይቃል? ግርግር ባለቤት የለውም። የሚታወቅ ተጠቃሚ ካለው ሌባ ብቻ ነው፤ እርሱንም ምሳሌያችን አስቀድሞ ነግሮናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ልበልና እመለሳለሁ። ከዚሁ «ኸርል» ከሚለው ግስ ስሙን ያገኘ ጨዋታ በአየርላንድ አለ፤ «ኸርሊንግ» ይባላል። በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ይመታሉ። ዱላውን «ኸርሊ» ይሉታል። ይህን መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያየሁት ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ሳለሁ ነው፤ «ገና ነው!» ብዬ ብቻዬን ጮኽሁ። የእኛም ገና ዱላው ቆልማማ ነው፣ ሩሯ ትንሽ ናት፣ እግር የሚሰበርበት ጊዜ አለ። እኛ ደግሞ ለእርሱ ሕግ አለን፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። ይህ ሕግ ምን ማለት ነው? ለአንድ ቀን ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ አይጠየቅም ማለት ነው። ሁከት ተፈቅዶለት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ሜዳ ተሰጥቶት። የጆን ቦል ጥያቄ በገና ሜዳ ላይ በዓመት አንድ ቀን መልስ ያገኛል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ጌታው ጌታ ነው። ገና ሜዳ ላይ ሲሆን ጨዋታ የተባለው ስሚዝፊልድ ሜዳ ላይ ሲሆን ሌላ ስም አገኘ።

ተመለስሁ። ሦስተኛው ነጥብ፤ በአማርኛ ምን እንበላት?

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቃሏ በዕድሜ ብዛት እየቀለለች መምጣቷ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ደም ያለባት ቃል ነበረች፤ ዛሬ እንግሊዞች ለገበያ ወከባ፣ ለምርጫ ሰሞን ሩጫ፣ ለከተማ ኑሮ ጥድፊያ ይጠቀሙባታል። እኔ ይህን የተማርሁት በገንዘብ ነው። አንድ ድርጅት ስለ ከተማ ልማት የጻፈውን ሰነድ እንድተረጉም ሰጠኝ፤ ከከተማው ኸርሊ በርሊ የሚያርፉበት መናፈሻ ይሠራል ይላል። እኔ የግርግሩ ልጅ ነኝና ሳላስብ «ከከተማው ግርግር» ብዬ ጻፍሁ። ኃላፊው ስልክ ደውለው «በከተማው ውስጥ ግርግር አለ ብለን ጽፈን በማን ስም ነው የምናትመው?» አሉኝ። ሰነዱ ተመለሰ፣ ክፍያዬ ሁለት ወር ዘገየ። «ወከባ» ብዬ አስተካከልሁት። ልክ ነበሩ፤ በአማርኛ ግርግር ገና አልቀለለም። እኛ ዘንድ ቃሉ እስከ ዛሬ ይመዝናል። የድግስ ዋዜማ ከሆነ «ሽር ጉድ» አለላችሁ፤ የሚያስደስት ትርምስ ነው፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ማንም አይሞትም። ድምፅ ብቻ ከሆነ «ሁካታ» ወይም «ቱማታ» አለ። ወጣቶቹ «ቀውጢ ሆነ» ትላላችሁ፤ እኔ አልጠላውም፣ ጉልበት አለው።

በ«ማክቤዝ» መክፈቻ ላይ ግን? ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ተውኔት ለአማርኛ መድረክ መልሰውታል፤ እኔ ከእርሳቸው ጋር ልፎካከር አልቆምም። ለራሴ የማጉረመርመውን ብቻ ልንገራችሁ። እዚያ ላይ ከግርግር ሌላ አልቀበልም። በመጀመሪያ ድምፁ አለው፤ ራሱን ይደግማል። ደግሞም ግማሹን ብቻ ብትወስዱት «ግር አለኝ» ይባላል፣ «ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ» ይባላል፤ የአእምሮው መደናገርና የሕዝቡ መትመም በአንድ «ግር» ውስጥ ለጆሮዬ ይገናኛሉ። ከዚህም በላይ ትዕይንቱን አስቡት። ጠንቋዮቹ በሩቅ የሚሰሙት ውጊያ የስኮትላንድ ንጉሥ በዐመፀኛ ላይ የሚያደርገው ጦርነት ነው። ዐመፀኛውን የሚያሸንፈው ማክቤዝ ነው። ከዐመፀኞቹ የአንዱን ማዕርግ ለሽልማት ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡን በገዛ ቤቱ ያርደዋል። ጠንቋይዋ ግርግሩ ሲያበቃ እንገናኝ ስትል፣ ግርግሩ ሊጀምር ያለው ገና ከዚያ በኋላ ነው።

ተከታዩ ስንኝ ውጊያው ሲጠፋና ሲረታ የሚል ነው፤ አንዱ ውጊያ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ይረታል። እዚህ ላይ አማርኛ እንግሊዝኛን በልጦታል ብል ትስቁብኛላችሁ? «ድል ነሣ» ስንል አሸነፈ ነው፤ «ድል ሆነ» ስንል ተሸነፈ ነው። አንዷ ድል ለሁለቱም ታገለግላለች! ስለዚህ በዚያች በአሮጌዋ ደብተሬ፣ «የደንዳኖቹ ውርወራ» ብዬ በሰማያዊ ቀለም ከጻፍሁበት ሥር፣ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦

ግርግሩ ሲያበቃ፣ ጦሩ ሲበተን፣
አንዱ ድል ሲነሣ፣ አንዱ ድል ሲሆን።

በእርሳስ የጻፍሁት እንዲሰረዝ ነው። የተሻለ ያላችሁ ዛሬ እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ፤ ላጲስም ይዣለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ሻይ ከኋላ በኩል እየቀረበ ስለሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ግር ብላችሁ አትነሡ።